«ብሮውዘር ነኝ» ያለው ፕሮግራሜ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው እሠራበት የነበረው ቢሮ ኃላፊ በጠሩኝ በዚያ ማክሰኞ ነው። የአየር ትንበያው ድረ ገጽ ሰዎች ኢንተርኔት ከሚያዩበት ከብሮውዘር በቀር ለምንም አይከፈትም ነበርና፣ «ብሮውዘር ነኝ» ብሎ ገብቶ ለጣና ጀልባ ነጂዎች የንፋስ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። ኃላፊው «ያልሆኑትን ነኝ ማለት ማጭበርበር ነው» ብለው አባረሩኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎርጎራ ላይ ልሳፈር ስል የጀልባ ነጂው የሐጂ ሰይድ ስልክ ጮኸ። «ንፋስ አለ ልጄ፣ ዛሬ አንወጣም» አሉኝ። መልእክቱን አየሁት፤ ከግርጌው «ደቅ» ይላል። ለፕሮግራሜ ያወጣሁለት የእናቴ አገር ስም ነው።

«ማን ነው የሚልክልዎ?»

«ቢሮው ነዋ። የተማርህ ሆነህ ይህን አታውቅም? ኃላፊው ሠርተውት ተሸለሙበት።»

አለቃዬ፣ ማጭበርበር ከሆነ ለምን አላጠፉትም? ካልሆነስ እኔን ለምን አባረሩኝ? ይመልሱልኝ።