በአቶ በድሩ ሰርግ ላይ ስለተነሳው የእከክ ወረርሽኝ

የምስክሩ ስም፦ አብዱልጀባር ሰዒድ
ዕድሜ፦ 34
አድራሻ፦ ከሚሴ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ሥራ፦ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተጠርጣሪውን አቶ በድሩን በታካሚነት አውቃቸዋለሁ፤ ጸብ የለንም። ከትናንት ወዲህ እሳቸው ምን እንደሚሉ ግን አላውቅም።

ሥራዬ ሐኪም የጻፈውን በሽታ ወደ ኮድ ቀይሬ ለጤና መድን መላክ ነው፤ ግልባጩ ለጤና ጽሕፈት ቤትም ይደርሳል። ሐኪሞቻችን ሰው ላይ ምንም ይውጣበት ምን «የቆዳ በሽታ» ብለው ያልፋሉ። መድኑ ደግሞ «በሽታው ተለይቶ ይጻፍ» እያለ ወረቀቱን ይመልሳል። በኅዳር ወር አንድ የእከክ ወረቀት ሳይመለስ አለፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ጭርቱንም፣ ችፌውንም፣ ሙቀት ያወጣውን ሽፍታም እከክ አልኩት። አንድም ወረቀት አልተመለሰም፤ እንዲያውም በስብሰባ ላይ ተመስግኛለሁ።

እሁድ ጥር 18 ቀን ከጠዋቱ 5፡00 ሰዓት አቶ በድሩ ልጃቸውን ሶፍያን ሲድሩ ተጠርቼ ጨፋ መንደር ከቤታቸው ነበርኩ። ሙሽራው ሙጂብ ከነአጃቢዎቹ በር ላይ እንደደረሰ የጤና ቡድን በመኪና መጣ። መሪው በድምፅ ማጉያ «በዚህ መንደር 43 የእከክ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ መድኃኒት ሳይቀባ የሚወጣም የሚገባም የለም» አለ። አርባ ሦስቱም የእኔ እጅ ሥራ መሆናቸው ወዲያው ገባኝ። አቶ በድሩ «ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው? ወላሂ ቤቴ እከክ የለም!» ብለው ማጉያውን ቀምተው ከግቢያቸው ሥር ባለው ቦርከና ወንዝ ውስጥ ጣሉት። ሰው አልመቱም።

የሙሽራው አጎት «በሉ እንመለስ» ሲሉ ሶፍያ እውስጥ ሆና ስታለቅስ ሰማሁ። በጣም አፈርኩ። ወጥቼም ኮዱን የመረጥኩት እኔ እንደሆንኩ በሰው ፊት ተናገርኩ። የቡድኑ መሪ ግን 43 ሕመምተኞች አሉ የሚለውን ባለ ማኅተም ደብዳቤ አወጣ። አጎትየውም አይተው «ሰው ይዋሻል እንጂ ማኅተም አይዋሽም» አሉ።

በዚህ ጊዜ ሙጂብ ኮቱን አውልቆ «እሷ ካለባት እኔም አለብኝ፤ ቀቡኝ» አለ። የድኝ ቅባት ተቀብቶ ገባ። አጎትየውም እየተነጫነጩ ክንዳቸውን ሰጡ። ኒካሁ 7፡30 ላይ ታሰረ፤ ሼሁም ሳይቀሩ ሁላችንም ድኝ ድኝ እንሸት ነበር። ስለዚህ ስለ ማጉያው መጠየቅ ያለብኝ እኔ እንጂ አቶ በድሩ አይደሉም።

ዛሬ ጠዋት ቢሮ ስገባ ቡድኑ ሰርጉ ላይ የቀባቸውን 212 ሰዎች በእከክ ኮድ እንድመዘግብ ዝርዝር ልኮልኝ አገኘሁ። ሶፍያና ሙጂብ ተከታትለው ተጽፈዋል። እኔ ተራ ቁጥር 9 ነኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የተናገርኩት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ ተነግሮኝ፣ እውነት በመሆኑ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ሙሀመድኑር ____________