ስምንት አለው፣ በአራት ይሠራል

(ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ። ወይዘሮ እንግዳወርቅና የመጨረሻ ልጃቸው ናሆም፣ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ በተጋደመ ኮምፒውተር ግራና ቀኝ ቆመው ይነታረካሉ።)

ናሆም፦ እማዬ፣ በናትሽ ደውይለትና አንድ ሳምንት ታገሰን በይው።

እንግዳወርቅ፦ አልደውልም። ሰኞ ጠዋት ልጄ አዳማ ይደርሳል ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ሸዋንግዛው ወንድሜ ነው እንጂ መጫወቻዬ አይደለም።

ናሆም፦ እና ሄጄ ቆርቆሮና ሚስማር ልሽጥ?

እንግዳወርቅ፦ ቆርቆሮ ምን አለው? አንተ የምትተኛበት ቤት በምን የተከደነ ይመስልሃል? አጎትህ ያለኝን ልንገርህ፤ እህቴ፣ ልጁ የኮምፒውተር መስታወት ላይ አፍጥጦ ሊያረጅ ነው፣ እኔ ሱቅ ይምጣና የሰው ፊት ይይ አለኝ። ክፉ አልተናገረም።

ናሆም፦ እስከ ነገ ማታ ድረስ የካርቱን ፊልሙን ካላስረከብኩ ስቱዲዮው ሌላ ሰው ይቀጥራል። ያቺ የምትስቂባት ኤሊ አለች አይደል? እሷ ናት ፈተናዬ። ወንዙ መሃል ስትደርስ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል።

እንግዳወርቅ፦ ሳምንቱን ሙሉ ስትሻገር ነው የማያት። በድልድይ አትሄድም?

ናሆም፦ ጥፋቱ የኤሊዋ አይደለም። የሚፈሰው ውሃ ነው ሜሞሪ የሚበላው።

እንግዳወርቅ፦ ሜሞሪ የምትለው እነዚህን ሁለት ቀጫጭን ነገሮች ነው?

ናሆም፦ አዎ። ሥራ ሲሠራ ሁሉን ነገር ዘርግቶ የሚይዝባቸው ናቸው። እያንዳንዳቸው አራት ጊጋ ናቸው። ስትጠይቂው ስምንት አለኝ ይላል፤ እዚያው ከጎኑ ደግሞ የምሠራው በአራት ነው ብሎ ይጽፋል።

እንግዳወርቅ፦ ካለው ለምን አይሠራበትም?

ናሆም፦ እሱን ባውቅ ከአንቺ ጋር እጨቃጨቅ ነበር?

እንግዳወርቅ፦ እንደ እህትህ ባል ነዋ። እግዜር ሁለት እጅ ሰጥቶታል፤ ልጁን ያዝልኝ ስትለው አንደኛው ሁልጊዜ ስልክ ይዟል።

ናሆም፦ እኔ ተቃጥያለሁ፣ አንቺ ትቀልጃለሽ።

እንግዳወርቅ፦ መች ቀለድኩ? ስናደድ እንዲህ ነው የምናገረው። ለመሆኑ ምን ምን አደረግህለት?

ናሆም፦ ያላደረግኩት የለም። ከዚህ በላይ አትጠቀም የሚል ምልክት ተደርጎበት ይሆናል ብዬ ውስጡ ገብቼ አየሁ፣ የለም። አሮጌው ፕሮግራም ከአራት በላይ መያዝ አይችልም ሲሉ ሰምቼ ሁሉንም አጥፍቼ አዲሱን ጫንኩ። ያው ነው። ጓደኛዬን ጌታሁንን ብጠይቀው ሜሞሪውን ለስክሪኑ ቆርሶ እየሰጠ ነው አለኝ፤ እሱም ቢሆን ጥቂት ነው እንጂ ግማሹን አይወስድም። አንዱ ጠጋኝ ደግሞ በስልክ ስነግረው ዋናው ቦርድ ሞቷል፣ ጣለው ይለኛል።

እንግዳወርቅ፦ ሳያየው ሞቷል አለ? እሱ ጠጋኝ አይደለም፣ ቀባሪ ነው።

ናሆም፦ እኔም ልቀብረው ምንም አልቀረኝም።

እንግዳወርቅ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?

ናሆም፦ ምን ያደርግልሻል?

እንግዳወርቅ፦ ሐኪም ቤት ስትገባ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው። ስታመጣው ጀምሮ እንዲህ ነበር?

ናሆም፦ ኧረ ደህና ነበር። ስምንቱንም ይጠቀም ነበር። የሐምሌ ሥላሴ ሰሞን ለቀረጻ ሐዋሳ ሄጄ የለ? ከዚያ ስመለስ ነው መንቀራፈፍ የጀመረው።

እንግዳወርቅ፦ የሐምሌ ሥላሴ ሰሞን አልክ?

ናሆም፦ አዎ፣ ምነው?

እንግዳወርቅ፦ እያሰብኩ ነው።

ናሆም፦ አንቺ ስታስቢ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል እኮ።

እንግዳወርቅ፦ ሐዋሳ የሄድክ ቀን ይሄን ነገር እንዲህ ራቁቱን ነበር ትተኸው የሄድከው?

ናሆም፦ ክዳኑን ነው? አዎ፣ እንዳይግል ብዬ ሁሌም እከፍተዋለሁ።

እንግዳወርቅ፦ ስንቴ ነግሬሃለሁ፣ ክዳን የተሠራለት ነገር ይከደናል ብዬ።

ናሆም፦ እማዬ። ምን አደረግሽው?

እንግዳወርቅ፦ ያን ቀን የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሩፋኤል መጥተው ነበር። ቤቱን ባረኩልኝ፣ ከሳሎን እስከ ጓዳ ጠበል ረጩልኝ። ሊወጡ ሲሉ፣ አባቴ፣ ልጄ ውሎውም አዳሩም እዚህ ላይ ነው፣ እንጀራው እንዲወጣለት ይሄንንም ይባርኩልኝ አልኳቸው።

ናሆም፦ እሳቸውም ረጩበት?

እንግዳወርቅ፦ እሳቸውማ ራቅ ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፣ ይሄ ይበቃዋል አሉ።

ናሆም፦ ተመስገን።

እንግዳወርቅ፦ እኔ ግን ልቤ አልረካም። ከሸኘኋቸው በኋላ የተረፈችውን ጠበል በእፍኜ…

ናሆም፦ በእፍኝሽ?

እንግዳወርቅ፦ እሺ፣ በጣቶቼ። በስመ አብ ብዬ። ትንሽ ነው።

ናሆም፦ ውስጡ?

እንግዳወርቅ፦ ራቁቱን ነበር አልኩህ እኮ።

ናሆም፦ ነይ፣ በስልክሽ መብራት አብሪልኝ። ጠጋ አድርጊው። ሁለተኛው ሜሞሪ የሚሰካበት ዳር ላይ፣ አረንጓዴ ነገር ይታይሻል?

እንግዳወርቅ፦ የናስ ዕቃ ሲዝግ የሚያወጣውን ይመስላል።

ናሆም፦ ውሃው ደርቆበት ነው። ሜሞሪው እንዳለ ያውቃል፣ ግን በደንብ ስለማይነካካ ሊሠራበት አልቻለም። እማዬ፣ ከወር በላይ ሆነኝ እኮ። ለስንቱ ሰው ስለማመጥ አንቺ እዚሁ ነበርሽ።

እንግዳወርቅ፦ ጠበል ይጎዳል ብዬ እንዴት ላስብ? አንተ ራስህ በሕፃንነትህ በጠበል ነው የዳንከው።

ናሆም፦ እኔ መሰኪያ የለኝማ።

እንግዳወርቅ፦ ተቆጣኝ፣ ግድ የለም። አሁን ምን ያድነዋል?

ናሆም፦ የሜሞሪውን ጥርስ በላጲስ እጠርገዋለሁ። ለመሰኪያው ግን አልኮል ያስፈልጋል። ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ።

እንግዳወርቅ፦ በዚያ በተቆፈረ መንገድ ሄደህ እስክትመለስ መብራት ይሄድብሃል። አረቄ አይሆንም?

ናሆም፦ አረቄ?

እንግዳወርቅ፦ ዳገም ነው፣ ሁለቴ የወጣ። ክብሪት ብትጭርበት ይነድዳል። ለጥርሴ ብዬ ያስቀመጥኩት ነው፣ እንዲህ አትየኝ።

ናሆም፦ በጠበል የተበላሸ በአረቄ ሊድን ነው?

እንግዳወርቅ፦ ይሄን ለእህቶችህ ትናገርና ጉድ ይፈላል። ለአባ እኔው እነግራቸዋለሁ። እየሳቁም ቢሆን የንስሐ ስግደት አይነፍጉኝም።

ናሆም፦ አምጪው እሺ። ሌላ ምርጫ የለኝም፣ ገመዱንም ነቅያለሁ። ያልተነካ የጥርስ ብሩሽ አለሽ?

እንግዳወርቅ፦ ይኸው፣ ለልጅ ልጆቼ የገዛሁት። ጠርሙሱን ግን እኔ አልቀዳም፣ እጄን አላምነውም። አንተው ጠብ አድርግ።

ናሆም፦ ሽታው ራሱ ያሰክራል። ቀስ… ቀስ… እየለቀቀ ነው። እይው፣ ብሩሹ አረንጓዴ ሆነ።

እንግዳወርቅ፦ እመቤቴ፣ አንቺው ታውቂያለሽ። በነጠላዬ ላራግብለት?

ናሆም፦ አራግቢ፣ ግን ጫፉ እንዳይነካው። ቶሎ ይደርቃል።

እንግዳወርቅ፦ አሁን ሁለቱንም ይጠቀማል ማለት ነው?

ናሆም፦ አላውቅም። መሰኪያው ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ከሆነ አለቀ። ከዳነ፣ ማታውን ሲሠራ አድሮ ነገ እስከ ቀትር ይጨርስልኛል።

እንግዳወርቅ፦ ካልዳነስ?

ናሆም፦ ካልዳነ በቃኝ እማዬ። ሻንጣዬን አውጪልኝ። ሰኞ አዳማ እሄዳለሁ፣ ሁለተኛ ስለዚህ ነገር አታነሺብኝ። እኔም አላነሳብሽም።

እንግዳወርቅ፦ ከልብህ ነው?

ናሆም፦ ከልቤ ነው። ደከመኝ። ይኸው ሁለቱንም ሰካሁ። ገመዱንም ሰካሁ። አሁን ልጫነው።

እንግዳወርቅ፦ ቆይ፣ እንዳትጫን።

ናሆም፦ ደግሞ ምን ልትረጪበት ነው?

እንግዳወርቅ፦ ምንም። ዝም ብለህ ቁም፣ ስልክ ላይ ነኝ። ሄሎ፣ ሸዋንግዛው? ደህና ነህ ወንድሜ፣ ልጆቹ ደህና? እግዚአብሔር ይመስገን። ስማኝማ፣ ናሆም ሰኞ አይመጣም፣ ለሱቁ ሌላ ሰው ፈልግ። አውቃለሁ፣ ቃሌን በላሁ፣ ይቅር በለኝ። አዎ፣ እዚሁ ሥራ አለው። ኮምፒውተሩ? አይ፣ ገና አልበራም።