ሳይቆረጥ የቀረው መስመር

የምስክር ቃል መቀበያ

ስም፦ በመታወቂያው ላይ እንደተመዘገበው፤ የሚጠራበት ስም ጋሽ ምላጭ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የማተሚያ ቤት ወረቀት ቆራጭና ጠራዥ
አድራሻ፦ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰማያዊ በር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20 ሰዓት

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። በማተሚያ ቤቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ቆርጫለሁ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የእህቴ ባል ነው። ጋሽ ምላጭ የሚለውን ስም ያወጡልኝ ሠራተኞቹ ሲሆኑ እኔም አልጠላሁትም። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ መጽሐፍ አጣሞ ቆርጧል የሚል ሰው ካለ እዚሁ ይምጣና ፊቴ ላይ ይናገር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አማቼ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ከሰው በፍላሽ ገልብጦ አመጣ። ፕሮግራሙ ያልተገዛ በመሆኑ በሚታተመው ገጽ ሁሉ ግርጌ ላይ "ፈቃድ በሌለው ቅጂ የተዘጋጀ" የሚል ቀጭን መስመር ያወጣል። መስመሩን ከኮምፒውተሩ ማጥፋት አቃታቸው። በዚያን ጊዜ "አንድ ጣት ከፍ አድርጌ ብቆርጠው ማን ያየዋል?" ብዬ መላ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ከዚያ ወዲህ የእኛ መጻሕፍት ከሌላ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ አንድ ጣት ያጥራሉ። የምናትመው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሲሆን ምእመናኑ "ለኪስ እንዲመች ነው" ይሉ ነበር። አማቼ ጸሎት ሳያደርስ ማሽን የማያስነሳ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ነገሩን ሳነሳበት "ለጌታ ሥራ ነው፤ ኩባንያው እንደሆነ የእኛን አንድ ቅጂ አጥቶ አይራብም" አለኝ። እኔም ስቄ ቆረጥኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሯ የልጆቹን መጽሐፍ ናሙና ለማየት መጡ። ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ናሙናውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። "ጋሽ ምላጭ፣ መቼም እጅዎ የተባረከ ነው" አሉና፣ የቢላዋውን እጀታ እንደያዝኩ በእጄ ላይ እጃቸውን ጭነው ጸለዩለት። ገጹ የተከፈተው አትስረቅ በሚለው ትእዛዝ ላይ ነበር ብል ያምርልኝ ነበር፤ ነገር ግን አልነበረም፤ የተከፈተው የኖኅ መርከብ ላይ ነበር። አፈርኩ። ዘጠኝ ዓመት ያላፈርኩትን ያን ቀን አፈርኩት። አሜን ማለትም አቃተኝ።

በማግስቱ ሦስት መቶውን መጽሐፍ መስመሩን ሳልነካ ሙሉ ገጹን ትቼ ቆረጥኩ። ለአማቼ አስቀድሜ አልነገርኩትም፤ ይህ ጥፋቴ ነው። ራሱ ያየዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የእኔን ሥራ ከፍቶ ፈትሾ ስለማያውቅ እንደታሸገ ላከው። እሑድ መጽሐፉ ለልጆቹ ታደለ። የፕሮግራሙ ኩባንያ ወኪል ልጁን ሊወስድ መጥቶ ኖሮ መስመሩን አየው።

ትናንት ሰኞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ፖሊስ ኮምፒውተሩን ሲወስድ፣ አማቼ ፕሮግራሙን የተጠቀመበት በዚህ መጽሐፍ ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ፖሊስ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሠራተኞቹ "ሽማግሌው እጁ ተንቀጥቅጦ አዋረደን፤ ከእንግዲህ እቤቱ ይረፍ" አላቸው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ እጄ አመድ አፋሽ ሆነ። ከሥራ ስወጣ እህቴ ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች። "ወንድሜ፣ እጄ ስቶ ነው በልና ነገሩ ይብረድ፤ ምን ይጎድልሃል? ቤቴን አታፍርስብኝ" ብላ አለቀሰች። "ሌላ ነገር ጠይቂኝ፤ እጄ ስቶ አያውቅም" አልኳት። "ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል" ብላኝ ወጣች። እህቴን እወዳታለሁ፤ ቃሏ እስካሁን ያመኛል።

ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጻሕፍቱ ሁሉ በዚሁ ፕሮግራም መሠራታቸውን፣ መስመሩንም በገዛ እጄ እየቆረጥኩ የደበቅሁት እኔ መሆኔን እመሰክራለሁ። የሚያስጠይቀኝ ከሆነ እጠየቃለሁ። መርማሪው "የመጨረሻውን መጽሐፍ መስመር አስበው እንደተዉት ማስረጃ አለዎት?" ሲሉኝ፣ በኤግዚቢትነት ከተያዙት መጻሕፍት አሥሩን በማስመሪያ እንዲለኩ ጠየቅሁ። የሚንቀጠቀጥ እጅ አንዱን ያስረዝማል፣ ሌላውን ያሳጥራል። አሥሩም አንድ ልክ ሆነው ተገኙ። መርማሪው አላመኑም መሰለኝ እንደገና ለኳቸው። ወደዚህ ያመጣህ ሕሊናህ ነው ወይስ ኩራትህ ተብዬ ብጠየቅ፣ ሁለቱም አብረውኝ መጥተዋል፤ የትኛው እንደቀደመ እግዚአብሔር ያውቃል።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ለማንም ብዬ አላሳጠርኩትም። በዳኛ ፊትም ብጠራ ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሩ ይመዝገብልኝ ብለው አጥብቀው ስለጠየቁ፣ በሚፈርሙበት ጊዜ ቀኝ እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)