እሺ ባዩ ማር ቆራጭ

ይሉኝታ ሰው ይገድላል ቢሏት ሲስተር ወሰንየለሽ ትስቅ ነበር። ሚሊኒየሙ በተከበረ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሺሺንዳ ገበያ ዳር የቦንጋ መኪና ስትጠብቅ ግን ሳቋን የሚያጠፋ ነገር አየች። በጤና ጣቢያ የምትከታተላቸው የአስም ሕመምተኛ ጋሽ ኃይለመስቀል ከማር እንስራቸው አጠገብ ተቀምጠው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ በአፍ የሚሳበውን ቡናማ መድኃኒት ደጋግመው ይስባሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

"ሰማያዊው መድኃኒት የት አለ?" አለች።

ባለቤታቸው እትዬ ተሾመች ከነጠላቸው ጫፍ ፈተው ሰጧት። እየነቀነቀች ደጋግማ አሳበቻቸው፤ ጥቂት ቆይቶ ደረታቸው ተከፈተ።

"ጋሽዬ፣ ለምን ይህን አልወሰዱም?"

"ይኼንንማ ጠዋትና ማታ እስበዋለሁ፤ አንድ ቀን አላጎደልኩም። ሲያፍነኝ የምስበው ቡናማውን ነው። እሱ ግን ደንቆሮ ነው፤ ብጠራው አይሰማኝም።"

ሲስተር ክው አለች። ሰውየው ነገሩን ገልብጠው ይዘውታል። የየዕለቱን ለጭንቅ ቀን፣ የጭንቁን ቀን ለየዕለት አድርገውት ኖሯል። ለክትትል በመጡ ቁጥር "ገባዎት?" ስትላቸው "እሺ፣ ሲስተር" ብለው ነበር የሚሄዱት።

"ካልገባዎት ለምን አልጠየቁኝም?"

"የተማረ ሰው ሲናገር ማቋረጥ በእኛ ነውር ነው፣ ልጄ። ደግሞስ ወረፋው? ከኋላዬ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ።"

"ጭስ አይስማማዎትም፣ ማር መቁረጥ ይተዉ ስልዎትስ እሺ ብለውኝ አልነበር?"

"እሺማ ብያለሁ። በማግስቱ ዛፍ ላይ ወጣሁ። ችቦውን ይዤ ቀፎው ጋ ስደርስ አፈነኝ፤ ባንድ እጄ ቅርንጫፍ፣ ባንድ እጄ ይኼን ደንቆሮ። እንዴት እንደወረድኩ እግዜር ያውቃል። የቀሩ ቀፎዎች አሉ፤ ሰሞኑን እወጣለሁ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ይባላል፤ እኚህ ሰው የደበቁት ግን በሽታቸውን ሳይሆን አለመረዳታቸውን ነው። እሷም ብትሆን ስትነግራቸው እንጂ ስታዳምጣቸው አልኖረችም። የቦንጋው መኪና መጣ፤ አልተሳፈረችም።

ጤና ጣቢያ ወስዳቸው ትንፋሻቸው ሲረጋ ወንበሯን ወደ አልጋቸው ሳበች። "አሁን እርስዎ ይንገሩኝ። የሚፈልጉት ምንድን ነው?"

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሐኪም አያውቁም።

"ዛፌን" አሉ በመጨረሻ። "እኔ ያለ ማር ምንድን ነኝ? ጭሱን ተው ማለት ሙት ማለት ነው።"

"እንግዲያው ማሩን ይተዉ አልልም። ጭሱን የሚያጨስልዎ ሰው አለ?"

"የወንድሜ ልጅ አለ። ቡናማው ግን ምን ያደርግልኛል? ከዳኝ እኮ።"

"አልከዳዎትም፣ ሥራው ሌላ ነው። የደረትዎን ብግነት ቀስ ብሎ እያበረደ የሚመጣውን ጭንቅ ይከላከላል። ጠዋትና ማታ ይሳቡትና አፍዎን ይጉመጥመጡ። ሲያፍንዎ ሰማያዊውን፤ እሱ ካላስታገሰ ጊዜ ሳይፈጁ ወደኛ። ደረትዎ እስኪረጋ ቀፎው ይቆያል?"

"ዝናቡ ካልጠና ይቆያል።" ቡናማውን አገላብጠው አዩት። "ግን ሱስ ቢሆንብኝስ?"

ሲስተር ደስ አላት፤ ሰውየው ጠየቁ ማለት ነው። ሱስ እንደማይሆን አስረዳቻቸውና "በሉ፣ አሁን እርስዎ ያሳዩኝ" አለች። አሳዩዋት። የሳቡትን ወዲያው ተነፈሱት። ትንፋሻቸውን ይዘው አስተካከለቻቸው፤ ደግመው አሳዩ።

በሰኔ ለክትትል ተመለሱ። የወንድማቸው ልጅ አጭሶ፣ ጭሱ ሲበተን እሳቸው ወጥተው ማራቸውን ቆርጠዋል። እንቅልፍ ይተኛሉ፤ ዳገቱን ሳያርፉ ይወጣሉ፤ ሰማያዊው ከኪሳቸው ብዙም አይወጣም። ይሉኝታቸውንም ጥለው ያልገባቸውን ሁሉ ሲጠይቁ ዋሉ።

ያኔ አጠገባቸው የተቀመጡት እትዬ ተሾመች አቀርቅረው ተናገሩ። "እሱ በወጣ ቁጥር ከሥር ቆሜ የት እንደምቀብረው ነበር የማስበው። ዘንድሮ ቀና ብዬ አየሁት።"

ሲስተር ደነገጠች። በየክትትሉ አብረዋቸው የመጡትን ሴት አንድ ቃል ጠይቃቸው አታውቅም። ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች።