አሥራ አንድ ጠጠር፦ የመምህር ተሻለ ሽፈራው ዜና ሕይወት

ከጀውሃና ከአጣዬ፣ ከአሊዩ አምባና ከደጋው ድረስ መጥታችሁ በዚህ ፀሐይ የቆማችሁ ወገኖች፣ ይህ ወረቀት አራት ገጽ ነው፤ የሟቹም ዕድሜ አርባ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ብቻ ነውና ብዙ አያቆማችሁም። አንባቢው የሟቹ አማት፣ የሮቢን ወንዝ ውሃ ለባለ ማሳዎች በተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ገብረሚካኤል ነው። ያየውንና የቆጠረውን ጽፏል።

መምህር ተሻለ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ሽፈራው ወልደየስና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ በየነ በመጋቢት ወር 1941 ዓ.ም. ከአንኮበር ዝቅ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታቸው ገብስና ባቄላ በአህያ ጭነው ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚያወርዱ፣ ጨውና በርበሬ ይዘው የሚመለሱ ነጋዴ ነበሩና፣ እርሳቸውም ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አብረው ይወርዱ ነበር። በዚያው መንገድ፣ በዚያው አህያ፣ በዚያው ጭነት ሲወርዱ ሁለት ሰዓት፣ ሲወጡ አምስት ሰዓት የሚፈጅበትን ምክንያት አባታቸውን ቢጠይቁ «ዳገት ስለሆነ ነዋ!» ተባሉ፤ መልሱ ግን ስላላጠገባቸው፣ አህያው ሽቅብ ሲወጣ ያወጣው ጉልበት የት ገባ እያሉ ይህችን አንድ ጥያቄ ከአንኮበር ትምህርት ቤት ወደ ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዘዋት ሄዱ። መልሷንም እዚያ አገኙ፦ ጉልበቱ አልጠፋም፣ ከጭነቱ ጋር ከፍታው ላይ ታምቆ ይቀመጣል፣ ጭነቱ በወረደ ጊዜም ያው ልክ ተመልሶ ይወጣል፤ ከወጣው በላይ ግን ቅንጣት ታህል አይገኝም።

በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ምክንያት ትምህርታቸው ተቋርጦ ቆይቶ፣ በ1969 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመርቀው፣ በመስከረም 1970 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት ተመደቡ። ደገኛ ናቸውና በመጀመሪያው ዓመት ወባ አራት ጊዜ ጣላቸው። አራት ጊዜም ሳይድኑ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ።

የስበትን ሕግ ሲያስተምሩ ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ያደጉበትን ገደል ይመርጡ ነበር። ከአንኮበር ጫፍ ላይ ድንጋይ ብንወረውር አሊዩ አምባ ይወድቃል፤ ጠንከር አድርገን ብንወረውረው አዋሽ ሜዳ ይደርሳል፤ አብልጠን ብንወረውረው ባሕር ይገባል፤ የሚያግደው ነፋስ በሌለበት ከፍታ፣ በሰከንድ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ክንድ ብናገኝ ግን፣ ድንጋዩ በወደቀ ቁጥር የምድር ክብነት ከሥሩ እየሸሸው፣ ሲወድቅ ኖሮ መሬት ሳይነካ ዙሮ ይመለሳል፤ ሳተላይትም ይኸው ነው ይሉ ነበር። አውቶቡስ ከዚህ አጣዬ ለመድረስ ከሰዓት በላይ የሚፈጅበትን መንገድ ሳተላይት በስድስት ሰከንድ እንደሚጨርሰው ሲናገሩ፣ ዛሬ አጣዬ የፊዚክስ መምህርት የሆነችው ተማሪያቸው ሙሀባ «ታዲያ ቲቸር፣ አንድ ወንበር አይያዝልንም?» ብላ ክፍሉን እንዳሳቀችው እርሷው ለአንባቢው ነግራዋለች።

አንባቢው ከሟቹ ጋር የተዋወቀው በቦዩ ዳር ነው። ውሃ ሲያካፍል ቆመው ያዩት ነበርና፣ ይህ የተማረ ሰው ልኩን ይወቅ ብሎ «መምህር፣ ሁሉን መሬት የምትስበው ከሆነ ጨረቃ ለምን አትወድቅም?» ሲል ጠየቃቸው። «ጋሼ ገብረሚካኤል፣ እየወደቀች እኮ ነው» አሉት። አንባቢው ሳቀ። ሳምንት ሙሉ ሲያስበው ግን ሳቁ አለቀና፣ በሳምንቱ ራሱ ፈልጎ ሄደ። ፊደል በሰላሳ ዓመቱ የቆጠረ፣ ያለውን ሁሉ በእጁ ያገኘ ሰው ስለሆነ ሰው በቀላሉ አያደንቅም፤ እርሳቸውን ግን አደነቀ። በጥር ወር 1972 ዓ.ም. ልጁን ተናኜን ዳረላቸው። ዘውድነሽና ፈለቀ የተባሉ ሁለት ልጆች ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የንጹሕ ውሃ ታንከር እንዲሠራ አስወሰነ። ቦታውም ከአውራ ጎዳናው ለሚያልፍ እንግዳ ጎልቶ እንዲታይ ከኮረብታው ራስ ላይ ሆነ። ምንጩ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ ቧንቧው ከምንጩ ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ ከሸለቆው ወደ ታንከሩ መውጣት ነበረበት። ሊቀ መንበሩ «ቁልቁለቱን ተንደርድሮ የወረደ ውሃ ዳገቱን ሳያስበው ይወጣዋል» አለ፤ በሬ ሲንደረደር ያየ ሰው ሁሉ እውነት መሰለው። መምህር ተሻለ ግን ውሃው የሚወጣው ከተነሳበት ከፍታ ድረስ ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ አንዲት ጣት የምታነሳው ጉልበት ከየትም እንደማያገኝ፣ ስለዚህም ታንከሩ ከምንጩ ዝቅ እንዲል ወይም ሞተር እንዲገዛ በጽሑፍ አመለከቱ።

ይህንም በግምት አላሉም። በአንድ እሑድ ጧት አማታቸውን ጠርተው፣ ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ጎማ ውሃ ሞልተው፣ አንዱን ጫፍ እርሳቸው፣ ሌላውን እርሱ ይዘው ለኩ። በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ይቆማልና፣ ከምንጩ ዐይን ትክክል ተነስተው አንድ ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር የውሃ አባቱ አንድ ጠጠር ኪሱ ይከት ነበር። ለታንከሩ አፍ ከተቸከለው ምልክት ሲደርሱ ጠጠሩ አሥራ አንድ ሆነ። ሁለት ጊዜ ቆጠረው።

በሚያዝያ ወር ስብሰባ ተጠራ። ሰማንያ ስድስት አባወራ ተገኝቷል። ሊቀ መንበሩ መምህሩን የሕዝቡን ጉልበት የሚንቁ አሻጥረኛ ናቸው ብሎ ከሰሰ። እርሳቸው ቆመው «የጎማውን ሌላ ጫፍ የያዙት ሰው እዚህ አሉ፤ የውሃ አባታችንን ጠይቋቸው» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። በዚህ አገር ስለ ውሃ የውሃ አባት ከተናገረ በኋላ የሚናገር የለምና፣ ሰማንያ አምስት ሰው ዞሮ ተመለከተው። ጠጠሮቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። የልጁ የዘነበ ስም ደግሞ ለብሔራዊ ውትድርና በተዘጋጀው ዝርዝር ላይ ነበር፤ ዝርዝሩም በሊቀ መንበሩ እጅ ነበር። ተነሳና «ውሃ እንደ ዘመኑ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበለት።

ከዚያ መምህሩ ለእስር ተላልፈው እንዲሰጡ እጅ ይነሳ ተባለ። አንባቢው እጁን አነሳ፤ ካነሳ በኋላም እንደ ልማዱ ቆጠረ። ሰማንያ አራት እጅ ነበር። ያልተነሱት ሁለት፣ የራሳቸው የመምህሩና የአቶ ሷሊሕ ናቸው። አቶ ሷሊሕ ማሳው ከቦዩ ጫፍ ስለሆነ ውሃ አነሰኝ እያለ ከአንባቢው ጋር ሃያ ዓመት የተጣላ ሰው ነው። «ወላሂ፣ ውሃ ሽቅብ ሲሄድ አላየሁም፤ ላላየሁት እጄን አላነሳም» አለ፤ አራት ወር ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ተከለከለ። ዛሬ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ እርሱ ነው።

መምህር ተሻለ አሥራ ዘጠኝ ወር ታሰሩ። ታንከሩ ተሠራ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ውሃው እስከ ታንከሩ አልወጣ ስላለ፣ የቀበሌው ሴቶች በእንስራና በጀሪካን ተሸክመው እንዲሞሉት ታዘዙ፤ አንባቢው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሸክም ቆጥሯል፤ ከነዚያም ሰባቱ የልጁ የተናኜ ነበሩ። ቧንቧው ተከፈተ፣ ተጨበጨበ፣ አርባ ደቂቃ ፈሶ ቆመ። ተናኜ ስንቅ ስታደርስ ይህን ብትነግራቸው፣ መምህር ተሻለ «ሕጉ አልተጣሰም፤ ከፍታው ላይ የታመቀው ጉልበት የእናንተ ጀርባ ነው» አሏት። ማልቀሷን ትታ ሳቀች አሉ።

ደረቁ ታንከር ራሱ አይመሰክርም ወይ የሚል ይኖራል። ሊቀ መንበሩ ምንጩ ደክሟል አለ። ምንጩ ያን ጊዜም ዛሬም አንድ ጀሪካን የሚሞላው አምሳ እስኪቆጠር ነው፤ አንባቢው ይህን እያወቀ ዝም አለ።

በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. ሲፈቱ ጉበታቸው ተጎድቶ፣ ዐይናቸው ቢጫ ሆኖ ነበር። ወደ ክፍላቸው ለመመለስ ቢያመለክቱ፣ ለልኬቱ ምስክር ከቀረበ ጉዳዩ እንደገና ሊታይ ይችላል የሚል መልስ መጣላቸውና፣ እስከዚያው የትምህርት ቤቱን ግምጃ ቤት ጠብቁ ተባሉ። በዚያው ሳምንት አማታቸው ዘንድ መጡ። አልወቀሱም። «አባባ፣ ጠጠሮቹ አሉ?» አሉ። አሉ አላቸው። «ስንት ናቸው?» አሥራ አንድ አላቸው። «እንግዲያው አንድ ቀን እርስዎ ይነግሯቸዋል» አሉ። «ጊዜው ሲደርስ» አላቸው።

ጊዜው አራት ዓመት ተኩል ፈጀ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ያስተማሩት፣ ከሺህ በላይ ልጅ ሰማይን ያሳዩት ሰው፣ ያን ሁሉ ጊዜ ጠመኔ ሲቆጥሩ ኖሩ። አንባቢው ያዳንኩት ያለው ልጁ ዘነበም በ1980 ዓ.ም. ከገበያ ታፍሶ ተወሰደ፤ እስከ ዛሬ አንድ ደብዳቤ አልመጣም። የውሃ አባትነቱ ብቻ አልተነካም።

በዚህ ዓመት ከየካቲት ጀምሮ ሕመሙ ጠናባቸው፤ አዲስ አበባ ሄደው ቢታከሙም አልተቻለም። በፋሲካ ሰሞን አማታቸው ሊጠይቃቸው ሲገባ፣ በዚያ ደካማ ድምፅ «ጊዜው ደረሰ ወይ፣ አባባ?» አሉት። «ትንሽ ይቆይ» አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ትናንት ግንቦት 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐረፉ።

ሊቀ መንበሩ ነጠላውን ለብሶ ከለቀስተኛው መካከል ቆሟል። አንባቢው ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ከእንግዲህ የሚወሰድበት ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀብር ላይ የማይነገረውን፣ በስብሰባው መነገር የነበረበትን ይናገራል፦ የጎማውን ሌላ ጫፍ የያዘው ገብረሚካኤል ነው። የታንከሩ አፍ ከምንጩ ዐይን አሥራ አንድ ሜትር ከፍ ይላል። ምንጩ አልደከመም። ውሃ እንደ ዘመኑ አይደለም፤ እንደ ዘመኑ የነበረው የውሃ አባቱ ነው። ከነገ ጀምሮ የውሃውን ተራ አቶ ሷሊሕ ያካፍል ብሎ ለማኅበሩ ያመለክታል። ጠጠሮቹን ለዘውድነሽ ሰጥቷል፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፣ እንደተቀበለች ቆጠረቻቸው።

መምህር ተሻለ ሽፈራው እናታቸውን ወይዘሮ አስካለን፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተናኜን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ከሺህ በላይ ተማሪዎቻቸውን፣ ከዚህ ቅጥር ቀና ብላችሁ የምታዩትን ደረቅ ታንከርና ስድስት ዓመት የዘገየ አንድ ምስክር ትተው ሄደዋል። ሁሉን በሚዛንና በልክ የፈጠረ አምላክ ነፍሳቸውን ከጻድቃን ጋር ያሳርፍ፤ እናታቸውንና ተናኜን ያጽና፤ ልጆቻቸውን ያሳድግ። ለአንባቢው ማንም መጽናናትን እንዳይመኝለት እርሱ ራሱ ይለምናል።