የናፍጣ ዋጋና የማዶው መንገድ

ሰውን ከሚወደው የሚለዩት ሞትና ጠብ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። የናፍጣ ዋጋም እንደሚለይ ያወቅሁት ጀልባ ስጠብቅ ነው።

በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት አስተምራለሁ። ዘወትር የሚያሻግሩኝ ሁላችንም «ካፒቴን» የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት ጀልባው እስኪሞላ መሳፈሪያው ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ቦርሳ ያነገተች ወጣት መጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ካፒቴን ናፍጣውን ከጀሪካን ወደ ሞተሩ እየገለበጡ እንደ ልማዳቸው ይራገማሉ።

«ቢሮ ተቀምጠው ‹የነዳጅ ድጎማ አንስተናል› የሚሉትን ሰዎች አንድ ቀን እዚች ጀልባ ላይ በጣለልኝ! ዋና ይችሉ እንደሆነ አያቸው ነበር!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ወጣቷም ሳቀችና፣ «እኔ እንኳ ዋና አልችልም፤ ማሩኝ አጎቴ» አለች።

ካፒቴን ጀሪካኑን አስቀምጠው አተኩረው አዩዋት። የታናሽ እህታቸው ልጅ ነበረች። ከተማ ገብታ የምጣኔ ሀብት ተምራ የኃይል ጉዳይ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት መቀጠሯን ሰምተዋል እንጂ፣ ካደገች ወዲህ አላዩዋትም። አገላብጠው ሳሟት። ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ።

«እንግዲያው ከእነሱ ወገን ነሽ። እናንተ እኮ ናችሁ ከልጄ የለያችሁኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጃቸው ማዶ ባለው መንደር ትዳር ይዛ ትኖራለች። የመንደሩ ሰው ጥቂት በመሆኑ ጀልባ አይሞላም። ናፍጣ ርካሽ ሳለ ካፒቴን ለሁለት ለሦስት ሰውም ቢሆን ይሻገሩ ነበር፤ ዋጋው ሰማይ ሲነካ መስመሩን ተዉት። በየብስ ዞሮ ለመሄድ ደግሞ ጉልበታቸው እምቢ አለ፤ እሷም ሕፃን ይዛ ያን ሩቅ መንገድ አትችለውም። ልጅቱ ወልዳለች፤ ሕፃኑም ድክ ድክ ማለት ጀምሯል አሉ። አያቱ ግን አላዩትም።

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት የቤቷ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል» አሉ ወደ ማዶ እየጠቆሙ። «ጣሪያዋን አያለሁ፤ እሷን አላይም። ጭራሽ ባላይ ይሻለኝ ነበር።»

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። በትሕትና ግን መለሰች።

«አጎቴ፣ የእርስዎን ሐዘን አላቃልልም። ነገር ግን ያ ድጎማ ማንን ይጠቅም ነበር? በርሜል ሙሉ የሚያቃጥል ባለሀብት በበርሜሉ ልክ ተደጎመ፤ እርስዎ በጀሪካንዎ ልክ። ለድሃ ተብሎ የወጣው ገንዘብ ብዙ መኪና ላለው ነው ያደረው።»

«ይሁን። ከእኔ የተነሳውስ የት ደረሰ?»

«እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ ነው። አዲሱን ድልድይ ሳይሠራ አሮጌውን እንዳፈረሰ ሰው ሆንን። ዛሬ የመጣሁትም ለዚሁ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር በባትሪ የሚሠራ ሞተር እንዲገዛ ከዋጋው ግማሹን መንግሥት ይችላል፤ የቀረው ቀስ እያለ የሚከፈል ብድር ነው። ባትሪውን የሚሞላው በመሳፈሪያው ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ የፀሐይ ሰሌዳ ነው።»

ካፒቴን ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ሰማህ? የእህቴ ልጅ ፀሐይ ልትሸጥልኝ መጣች!»

«ፀሐይዋ እንኳ በነፃ ናት» አለች እየሳቀች። «ውድ የሆነው መያዣው ነው። የናፍጣ ሞተር ሲገዙት ይረክሳል፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሲበላ ይኖራል። ይሄኛው ሲገዙት ያማል፤ ከዚያ ግን አፉ ዝግ ነው። አልዋሽዎትም፣ ባትሪውም ያረጃል። ለመለወጫው ከአሁኑ ማጠራቀም ያስፈልጋል።»

«ደመና ሲሆንስ?»

«ክረምት ላይ ጉዞው ይቀንሳል። ለክፉ ቀን አንድ የናፍጣ ሞተር ይቀመጣል።»

ካፒቴን ጢማቸውን ነካኩ። ለካ ዋናውን ጥያቄ እየፈለጉ ኖሯል።

«እስቲ ይኼን መልሺልኝ። የናፍጣ ጭስ የአየር ንብረቱን አበላሸ ትላላችሁ፤ ያበላሸው የእኔ ጀልባ ነው? ዝሆን ለረገጠው ሣር ጉንዳን ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ብዙ ጭስ የሚለቁት አገሮች ሊከፍሉ ይገባል፤ ለሞተሩ ከሚሰጠው ገንዘብም ከፊሉ ከእነሱ የመጣ ነው፣ የሚበቃ ባይሆንም። እኔ የሌላውን ኃጢአት ይሸከሙ አላልኩም። ይኸው በድርቁ የሐይቁ ውኃ ከዳር እየሸሸ መሳፈሪያውን በሳንቃ ስትቀጥሉ ትኖራላችሁ፤ ዝሆኑ እስኪፈረድበት እየጠበቅን ሣራችን ማለቅ የለበትም። ደግሞም ለእርስዎ ስለሚረክስ ነው የምለው። አሁን ማዶ ለመሄድ አንድ ሰው ቢጭኑም ጀልባውን ቢሞሉም ናፍጣው ያው አይደለም?»

«ያው ነው።»

«ፀሐይ ላይ ግን የአንድ ጉዞ ወጪ ኢምንት ነው። ሰው አልሞላም ተብሎ መንገድ አይቀርም። ልጅዎን ለማየት ጀልባ እስኪሞላ አይጠብቁም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ማዶ መለሱ። ቆርቆሮው ያበራ ነበር። ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ ሰው በቁጥር ሲረታ እልኽ ይይዘዋል፣ በናፍቆቱ በኩል እውነት ሲነገረው ግን ይለሰልሳል።

«አንድ ነገር አለ» አሉ በመጨረሻ። «መካኒኩ ወዳጄ በናፍጣ ሞተር ነው ልጆቹን ያሳደገው። እሱን ሜዳ ላይ ጥዬ እኔ ልጄን ልስም? አይሆንም። መጀመሪያ እሱ የባትሪውን ሞተር ጥገና ይማር።»

ወጣቷ ደነገጠች። «ይኼን በእቅዳችን አላሰብነውም ነበር። እውነትዎን ነው፤ አስገባዋለሁ።»

ቃሏን ጠበቀች። በማኅበሩ ስብሰባ ላይም የሚጠራጠሩትን የተከራከሩት ራሳቸው ካፒቴን ሆኑ። ሥራው ፈጠነ አልልም፤ ባትሪው በጉዞ ዘግይቶ ስንት ጊዜ ተስፋ ቆረጥን። ዛሬ ግን ጥቅሙ ማስረጃ አይፈልግም። የመሻገሪያው ዋጋ ረክሷል፤ ዓሣ ነጋዴዎቹ ሳይበላሽባቸው ገበያ ያደርሳሉ፤ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት ለመድረስ ተሳፋሪ አይጠብቅም፤ በውኃው ላይ ይንሳፈፍ የነበረው ዘይት ጠፋ። መካኒኩም ሠልጥኖ ከሌላ ወደብ ሳይቀር ይጠራል። ከፈረሱ ጋሪው እንዳይቀድም፣ የሕዝብን ሸክም የሚያነሳ ፖሊሲም መተኪያውን አስቀድሞ ያቅርብ፤ ሕዝቡም የዛሬን ርካሽ ከነገ ወጪ ጋር ይመዝን።

የመጀመሪያው የማዶ ጉዞ ዕለት እኔም አብሬ ነበርኩ። ካፒቴን፣ መካኒኩና እኔ ሦስት ብቻ ነበርን። ጀልባዋ ድምፅ ሳታሰማ ተጠጋች። ልጃቸው ዳር ላይ ጎኗን ሰጥታ ልብስ እያጠበች ታንጎራጉራለች። ካፒቴን እንዳንጠራት በእጃቸው ከለከሉንና መሪውን እንደያዙ ቆመው አዳመጡ። ዞር ስትል አየቻቸው። የያዘችውን ልብስ ውኃው ወሰደው።

ተቃቅፈው አለቀሱ። ሕፃኑ ግን የማያውቀውን ሽማግሌ ሲያይ እሪ ብሎ ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ። ልጅቱ አፍራ ልትጎትተው ስትል ካፒቴን ከለከሏት።

«ተይው» አሏት እንባቸውን እየጠረጉ። «ዛሬ ይፍራኝ። ነገም እመጣለሁ።»