የእንግዳችን መታወቂያ

«ፀጉርሽ ዛሬ እንዴት ለስልሷል አደይ? ፀሐዩም ደግ ነው። ወደ እንዳ ኢየሱስ የሚወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እንኳ ሹራብ አልደረቡም...»

ኣዳነች የመርሳት ሕመም ከያዛት ሦስት ዓመት የሆናትን እናቷን እያበጠረች ነው። ከጓዳ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማል፤ ታናሽ እህቷ መታወቂያዋ ጠፍቷት ነው። ያለ መታወቂያ ደግሞ አውሮፕላን የለም። ከአዲስ አበባ ስትመጣ «እናቴን እስከ ሰኞ እኔ እጠብቃለሁ» ብላ ነበር፤ ኣዳነች ነገ ዓዲግራት በመጀመሪያ የልጅ ልጇ ክርስትና ላይ እንድትገኝ። ዛሬ ጠዋት ግን «ስብሰባ ተጠራሁ» አለች።

ኣዳነች አልተጣላችም። ሳቋ እየመጣ አስቸገራት እንጂ። ለአሽሙር ደግሞ እንደ እናቷ የሚመች የለም፤ ሰምታ ወሬ አታደርስም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እንግዳችን እንዴት ያለች ዐዋቂ ናት አደይ? በአንድ ቀን ቤታችንን አስተካከለችው። 'በር አይቆለፍባት' አለች። እውነቷን ነው፤ አንቺ በሌሊት ልብስሽ ሮማናት አደባባይ ድረስ ብትወርጂ ምን አለበት? ሰው አይናፈስም እንዴ? 'እኔ ማን ነኝ?' እያለች ስትፈትንሽ ደግሞ 'ሃፍታይ፣ ዳቦውን እዚያ አስቀምጠው' አልሻት። እሷ ግን አልተቀየመችም። ከዳቦ አመላላሹ ከሃፍታይ ጋር መመሳሰል ቀላል ክብር ነው? እሱ እኮ በየቀኑ ይመጣል...

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ። ያንቺማ ሥራ ከፋፍሎ ነው የወለደን፤ አንዷን ለማጠብ፣ አንዷን ለመምከር።»

መሳቢያው ጓ ብሎ ተዘጋ። እናቷ ምኑ እንደሆነ ሳታውቅ ሳቀች፤ ኣዳነችም አብራት ሳቀች።

«አንቺ የወደድሽውን ነገር ትደብቂያለሽ። መነጽሬን ሽሮ ውስጥ፣ ቁልፉን ጫማ ውስጥ... እንዳልፈልግላት ደግሞ 'ሥራሽ ዘዴ የለውም' ተብያለሁ። ዘዴ ያለው ሰው ሲፈልግ እኔ ምን አግብቶኝ?»

የመታወቂያው ጫፍ ከእናቷ መቀነት ብቅ ብሏል። ኣዳነች አየችው። በማበጠሪያው ጀርባ ገፋ አድርጋ መልሳ ሸሸገችው። ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን እንዲህ ደስ ካላት ስንት ጊዜዋ። ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

«እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲያድር ብር፣ ሲሰነብት መዳብ ይባል የለ? የኛዋ ብልህ ናት፤ ወርቅነቷ ሳይለቅ ልትበር ነበር... እንግዲህ እኔ ልሂድ፣ የዓዲግራት መኪና ይሞላብኛል። ስብሰባውን በስልክ ታደርገዋለች። አንቺንስ ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስታስታምምሽ አይደል የኖረችው?

ነይ፣ እጅሽን ዘርጊ፤ እንመርቃት። ዕድሜዋን እንዳንቺ ያርዝምላት። ጉልበቷ ሲደክም ደግሞ ልጆቿ እሷ አንቺን በናፈቀችሽ ልክ ይናፍቋት። አሜን በይ አደይ።»